ሜዲኬይድ እያለዎት የኢመርጀንሲ ሐኪም ቢል ሲመጣብዎ፦ ችግርና መፍትሄ

ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ካላቸው አሜሪካ ካሉ ወገኖቻችን ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የሚያልፍ ወር የለም። «ሜዲኬይድ አለኝ፤ ኢመርጀንሲ ገብቼ ታከምኩ፤ ታዲያ ይሄ ቢል ከየት መጣ?» አንዳንዱ ደንግጦ ይከፍላል። ሌላው ፖስታውን ሳይከፍት ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ይጎዳሉ። እንዲህ ያለ ቢል አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎ ዕዳ አይደለም። መንገድ ላይ የተበላሸ መረጃ ነው። የት እንደተበላሸ ካወቁ ይስተካከላል።

ለሆስፒታሉ ተከፍሎ፣ ሐኪሙ ለብቻው ቢል ሲልክ

ብዙ የኢመርጀንሲ ሐኪሞች የሆስፒታሉ ተቀጣሪ አይደሉም። ከሆስፒታሉ ጋር ውል ባለው የሐኪሞች ድርጅት ሥር ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ሕክምና ሁለት ሂሳብ ይወጣል፤ አንዱ ለክፍሉ፣ ለነርሶቹና ለዕቃው፣ ሌላው ለሐኪሙ። ራጅ ከተነሱ ራጁን ያነበበው ሐኪምም ሦስተኛ ሊልክ ይችላል።

ያከመዎት ሐኪም ካርድዎን አላየውም። ምርመራውን ይጽፋል፤ ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ጽሑፉን አንብቦ የሕክምናውን ክብደት ከሚያሳዩት፣ ከ99281 እስከ 99285 ካሉት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። የቢል ክፍሉ ደግሞ ከሆስፒታሉ የደረሰውን የኢንሹራንስ መረጃ ይዞ ይልካል። ካርድዎን በማግስቱ ካመጡ፣ ሆስፒታሉ መዝገቡን ቢያስተካክልም ሐኪሞቹ ጋ «ኢንሹራንስ የለውም» እንደተባለ ሊቀር ይችላል።

መፍትሄው ቢሉ ላይ ባለው ስልክ መደወል ነው። ሆስፒታሉ ጋ ቢደውሉ «እኛን አይመለከትም» ይባላሉ። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አማርኛ በስልክ ይገኛል። ግዛቱ የሰጠዎትን የሜዲኬይድ ቁጥርና የፕላንዎን (ሜዲኬይድዎን ግዛቱን ወክሎ የሚያስተዳድረውን የኢንሹራንስ ድርጅት) ካርድ ቁጥር ሁለቱንም ይስጡ። የታከሙበትን ቀን ነግረው «ለሜዲኬይድ ላኩት» ይበሉ። ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። ቶሎ ያድርጉት፤ ሐኪሙ ለሜዲኬይድ የሚልክበት ጊዜ ቢበዛ 12 ወር ነው፣ ብዙ ፕላኖች ደግሞ ከዚያ ያሳጥሩታል።

ሲደውሉ በጠብ አይጀምሩ። የኢመርጀንሲ ሐኪም ከ1986ቱ ሕግ ወዲህ የመጣውን ሁሉ፣ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው፣ መርምሮ ከአደጋ ማውጣት ግዴታው ነው። ቢሉ ካልተስተካከለ የሚከፈለው የለም፤ ስለዚህ እነሱም መስተካከሉን ይፈልጋሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ይያዙ፦ ሜዲኬይድ የሚቀበል ሐኪም ሜዲኬይድ የከፈለውን እንደ ሙሉ ክፍያ የመቀበል የፌዴራል ግዴታ አለበት። «ትንሽ ነው የከፈለን፣ ቀሪውን አንተ ሙላ» ማለት አይችልም።

ቢሉ ተልኮ፣ ሜዲኬይድ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ሲል

እኛን ሐበሾችን በብዛት የሚያጠቃው ይሄኛው ነው። ገብረ መስቀል የሚባል ሰው እናስብ። ግዛቱ ጋ ስሙ አንድ ላይ ተጽፏል። ኢመርጀንሲ በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ ግን ለያይታ «ገብረ»ን ስም፣ «መስቀል»ን የአባት ስም አድርጋ አስገባች። የአባቱ ስም ጭራሽ ቀረ። ፀሐይ የሚለውንም አንዱ በቲና በኤስ ሲጀምረው ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። የልደት ቀንም አለ። በጭንቀት መሃል ልጅ የእናቱን ዓመተ ምህረት በእኛ አቆጣጠር ከተናገረ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ ስምን፣ ልደትንና ቁጥርን ሲያመሳክር ካልገጠሙለት ይመልሳል።

መፍትሄው፦ የካርዱን ፎቶ ሁለቱንም ገጽ ስልክዎ ላይ ያኑሩ። የወላጆችዎንም ጭምር። ስም በአፍ አይነገር፤ ከካርዱ ይቀዳ። ካርዱ ራሱ ከግሪን ካርዱ ወይም ከፓስፖርቱ ጋር ካልተመሳሰለ መጀመሪያ ግዛቱ ጋ ያስተካክሉ፤ ያለበለዚያ በየሕክምናው ያው ጣጣ ይመለሳል።

«ኢመርጀንሲ አልነበረም» ተብሎ ክፍያው ሲከለከል

ደረቱን ይዞት የሮጠ ሰው ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ ፕላኑ በመጨረሻው ውጤት ብቻ ሊፈርድበት አይገባም። ከ1997 ጀምሮ ለሜዲኬይድ ፕላኖች መለኪያው፣ የሕክምና ባለሙያ ያልሆነ አስተዋይ ሰው በዚያ ሕመም ቢደነግጥ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ነው። ከሆስፒታሉ የመዝገብዎን ቅጂ ይጠይቁ። በተለይ ነርሷ ሲገቡ የጻፈችው «የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ያጥረዋል» የሚለው መስመር ዋጋ አለው። እሱን አያይዘው ለፕላኑ ይግባኝ ይበሉ። ጊዜው የክልከላው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን 60 ቀን ነው።

በዚያ ሌሊት ሜዲኬይድ ካልነበረዎት

አሁንም ያመልክቱ። በአብዛኞቹ ግዛቶች፣ ያኔ ብቁ ከነበሩ፣ ሜዲኬይድ ካመለከቱበት ወር በፊት እስከ ሦስት ወር ወደኋላ ይሸፍናል። ፎርሙ ላይ ስላልተከፈለ የሕክምና ሂሳብ የሚጠይቀውን ቦታ አይዝለሉት። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ግን ይህ ጊዜ እንደ ሰውዬው ምድብ ወደ ሁለት ወይም ወደ አንድ ወር ያጥራል።

በዲቪ የመጣ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት እስኪሞላው ሙሉ ሜዲኬይድ አያገኝም። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ግን ወሊድን ጨምሮ ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ የሚከፍል ሜዲኬይድ አለ። ይህን ባለማወቅ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በየወሩ እየቆራረጡ የሚከፍሉ ቤተሰቦች አሉ፤ በጣም ያሳዝናል።

ይህም ካልሆነ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ለማመልከት ጊዜ አለ። እርዳታው የትኞቹን ሐኪሞች እንደሚሸፍን የሚገልጽ ዝርዝርም ሊኖራቸው ይገባል። የኢመርጀንሲ ሐኪሞቹ እዚያ ውስጥ መኖራቸውን ይጠይቁ።

ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ጋ ከደረሰ

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ በተቀበሉ በ30 ቀን ውስጥ «ይህን ዕዳ አልቀበልም፣ ማስረጃ አሳዩኝ» ብለው በጽሑፍ ይላኩ። ማስረጃውን እስኪልኩ መጠየቃቸውን ማቆም አለባቸው። በዚያን ቀን ሜዲኬይድ እንደነበረዎት የሚያሳይ ደብዳቤ ከግዛቱ ወስደው ቅጂውን ለእነሱም፣ ለሐኪሞቹ ቢል ክፍልም ይላኩ።