ወላጅ ሲታመሙ፦ ሜዲኬር የሚከፍለውን የነርስ እንክብካቤ በሆስፒታልና በቤት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል

አሜሪካ ውስጥ እናት ወይም አባት በድንገት ሆስፒታል ሲገቡ የቤተሰቡ ልብ ሕመሙ ላይ ነው። ሆኖም ከልጆቹ አንዱ በዚያው ሰዓት ወረቀቱን መከታተል አለበት። ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጡ የሚያስፈልጋቸውን የነርስ እንክብካቤ መንግሥት ይክፈለው ወይስ ከኪስ ይውጣ የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝገብ ላይ በሰፈረው ነገር ነው።

አስቀድመው ካርዱን ይለዩ

ሜዲኬር የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ሲሆን በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች ነው። ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው አሥር ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ ከሠሩ፣ ሆስፒታልን የሚመለከተው ፓርት ኤ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይሰጣቸዋል። ልጆቻቸው ያመጧቸውና እዚህ ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ደግሞ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ እየከፈሉ መግባት ይችላሉ። ካርዱ የግል ኩባንያ ስም ካለበት ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም ሜዲኬርን በግል መድን ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ዕቅድ፣ ሊሆን ይችላል። አድቫንቴጅ ቅድመ ፈቃድና በውል የታቀፉ ሐኪሞችን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከዚህ በታች ያለውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ይደውሉ።

ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዛሬ የተመዘገቡት ኢንፔሸንት ተብለው ነው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ኢንፔሸንት ማለት በሐኪም ትእዛዝ በመደበኛነት የተኛ ታካሚ ነው፤ ኦብዘርቬሽን ደግሞ ይተኛ ወይስ ወደ ቤቱ ይሂድ እስኪወሰን በክትትል ላይ ያለ። አልጋው፣ ነርሷና መድኃኒቱ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ልዩነቱ በዓይን አይታይም። በገንዘብ ግን ሰፊ ነው። ሜዲኬር ከሆስፒታል በኋላ በነርሲንግ ማዕከል ለሚደረግ ማገገሚያ የሚከፍለው፣ ታካሚው ኢንፔሸንት ተብለው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከተኙ ነው። የገቡበት ቀን ይቆጠራል፤ የወጡበት አይቆጠርም። በድንገተኛ ክፍልና በኦብዘርቬሽን ያለፈው ጊዜም አይቆጠርም።

እናትዎ ሰኞ ማታ ወድቀው ድንገተኛ ክፍል ገቡ እንበል። እስከ ረቡዕ ጠዋት በኦብዘርቬሽን ቆዩ፤ ረቡዕ ኢንፔሸንት ተደረጉ፤ ዓርብ ወጡ። ቤተሰቡ አራት ሌሊት ቆጥሯል፤ ሜዲኬር ግን የሚቆጥረው ረቡዕንና ሐሙስን ብቻ ነው። ስለዚህ የነርሲንግ ማዕከሉን ወጪ አይከፍልም። ይህ ደንብ ለታመመ ሰው ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ እስካለ ድረስ ግን ማወቅ ግድ ነው።

ኦብዘርቬሽኑ ከ24 ሰዓት ካለፈ ሆስፒታሉ በ36 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠትና በቃልም ማስረዳት አለበት። እዚያ ላይ መፈረም ወረቀቱን መቀበልዎን እንጂ መስማማትዎን አያሳይም። ያን ጊዜ የሚከታተለውን ሐኪም ያነጋግሩና የሕመሙ ክብደት ኢንፔሸንት የማያሰኘው ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱን ከሐኪሙ ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሦስቱ ቀናት ከተሟሉና ታካሚው ብዙውን ጊዜ በ30 ቀናት ውስጥ ማዕከሉ ከገቡ፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ክፍያ ይሸፈናሉ። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን የታካሚው ድርሻ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር ያቆማል።

ነርስ ቤት ድረስ እንድትመጣ

ለዚህ ሆስፒታል መተኛት የግድ አይደለም። የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የሐኪም ትእዛዝ፤ እንክብካቤው ከመጀመሩ በፊት ባሉት 90 ቀናት ወይም ከጀመረ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለዚሁ ሕመም የተደረገ ምርመራ፤ የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ዓይነት ሙያዊ አገልግሎት አስፈላጊነት፤ በሜዲኬር የታወቀ የቤት እንክብካቤ ድርጅት፤ እንዲሁም ከቤት መውጣት ለታካሚው ከባድ መሆኑ።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚህ በመጨረሻው ነው። «እናቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ አይፈቀድላቸውም» የሚሉ አሉ። ይፈቀድላቸዋል። ሕጉ ወደ አምልኮ ቦታ፣ ወደ ሕክምናና ወደ አረጋውያን መዋያ መሄድን አይከለክልም። ዋናው ነገር ለመውጣት ምርኩዝ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም የሰው ድጋፍ የሚፈልጉ ወይም መውጣቱ ለጤናቸው የማይመከር መሆኑና መውጣቱም ብርቱ ድካም የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ይህን በዝርዝር ይንገሩት፦ ደረጃ ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ ማን እንደሚደግፋቸው፣ ከተመለሱ በኋላ ምን ያህል እንደሚተኙ። በጨዋነት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ያሉ እናት መዝገብ ላይ ደህና ተብለው ይጻፋሉ።

እቅዱ በየ60 ቀኑ ይታደሳል፤ ፍላጎቱ እስካለ ድረስ የእድሳቱ ቁጥር ገደብ የለውም። ለነርሷ ጉብኝት ታካሚው አይከፍሉም። ነርሷ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ መድኃኒቱን ታስተካክላለች፤ ገላ የምታጥብ ረዳትም አብራ ልትታዘዝ ትችላለች። የሙሉ ቀን አስታማሚ፣ ምግብ ማብሰልና ቤት ማጽዳት ግን በሜዲኬር አይሸፈኑም።

«አበቃ» ሲባሉ

አንዳንድ ድርጅቶች «ለውጥ አላሳዩም» ብለው ያቆማሉ። በ2013 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት መሻሻል አለመታየቱ ብቻውን መከልከያ አይሆንም፤ ያሉበትን ሁኔታ ለመጠበቅ ወይም መባባሱን ለማዘግየት የባለሙያ እንክብካቤ ካስፈለገ ይሸፈናል። አገልግሎቱ ከማብቃቱ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ማስታወቂያ ሊሰጥዎ ይገባል። ይግባኙ ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ስልክ የሚደወለው ከማብቂያው ቀን በፊት ባለው ዕለት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ በደረሰዎት ዕለት ይደውሉ። ከሆስፒታል ያለ ጊዜው እየወጡ ነው ብለው ካመኑም እስከሚወጡበት ዕለት ድረስ ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

በእነዚህ ሁሉ ንግግሮች አስተርጓሚ በነጻ ይጠይቁ፤ ሆስፒታሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ የአያቷን ምርመራ ውጤት እንድትተረጉም መደረግ የለበትም።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ወላጆች ሜዲኬር ያልሸፈነውን የዕለት ተዕለት እርዳታ ሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሊከፍል ይችላል። ሜዲኬድን የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ ደንቡ ይለያያል፤ በብዙ ግዛቶች አስታማሚ ልጅ ራሷ የምትከፈልበት አሠራር አለ። ለአንዳንዱ አገልግሎት ወረፋ ስላለው ማመልከቻውን ወላጅዎ ገና ነርሲንግ ማዕከል ውስጥ እያሉ ያስገቡ፤ የማዕከሉ ማኅበራዊ ሠራተኛም ቅጹን በመሙላት ልትረዳዎ ትችላለች።