ባለቤቱ ዞር ሲል የሚቆም ምግብ ቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የሚሸጥ ምግብ ቤት ይዘው ለአንድ ሳምንት እንኳ አገር ቤት ደርሰው መምጣት የማይችሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሲጠየቁ "የሚታመን ሰው የለም" ይላሉ። ለእኔ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሠራተኛው አይደለም። ቤቱ ሲዋቀር ባለቤቱ ካልቆመበት እንዳይሄድ ሆኖ ነው።

ብሩን ሁሉ በግል ስልክ መቀበል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ይህ በዝቷል። ደንበኛው ወደ ባለቤቱ ቁጥር ይልካል፤ ካሸሯ "ጋሼ፣ 860 ብር ገብቷል?" ብላ ትደውላለች። ጋሼ ኔትወርክ ከሌለበት ከሄዱ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በድርጅቱ ስም የነጋዴ ሒሳብ ይከፈት፤ ክፍያ መግባቱን ካሸሯ ራሷ ትይ። የቤትዎ አስቤዛም ከዚያ ሒሳብ አይውጣ።

ሁሉን በጭንቅላት መያዝ። ቅቤ አቅራቢዋ ስትጠፋ ማን ይደወልለታል? ለሃምሳ ሰው ስንት ኪሎ ሽሮ ይበቃል? ከአንድ ኪሎ ሥጋ ስንት ጥብስ ይወጣል? እነዚህ ተጽፈው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ካልተለጠፉ ቤቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ካሜራን እንደ ቁጥጥር ማየት። ውጭ አገር ሆነው እዚህ ቤት የከፈቱ ሰዎች ይህን ይወዱታል። ዋሽንግተን ቁጭ ብለው ሌሊቱን ሙሉ አስተናጋጅ ሲያዩ ያድራሉ። ካሜራው ማን ስልክ እንደሚነካካ ያሳያል እንጂ ሥጋው የት እንደገባ አያሳይም። ያንን የሚያሳየው የማታ ቆጠራ ነው። ጠዋት 12 ኪሎ ነበረ፣ 20 ገባ፣ ማታ 9 ቀረ፤ ስለዚህ 23 ኪሎ ወጥቷል። ከኪሎ 4 ጥብስ ካላችሁ 92 መሸጥ ነበረበት። ደረሰኙ 78 ካለ ሦስት ኪሎ ተኩል የት እንደደረሰ ይጠየቃል። ይህን ደግሞ የትም ሆኖ በስልክ ማንበብ ይቻላል።

"ሁሉንም ደውሉልኝ" ማለት። ሱፐርቫይዘሩ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳይጠይቅ ይወስን? 2,000 ይሁን 5,000፣ ቁጥሩ ይነገረው። ከዚያ በታች ሲሳሳት አይቆጡት፤ አንዴ ከተቆጡት መደወሉን ይቀጥላል።

ዘመድን በደፈናው መወከል። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይጠራል፣ ውልና ማስረጃ ይኬዳል፣ ጠቅላላ ውክልና ይሰጠዋል። ደሞዝ የለውም፣ የሥራ ድርሻው አልተጻፈም። ዘመድ ነውና ሒሳብ መጠየቅም ነውር ይሆናል። ከሕጉ በኩልም ችግር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ደግሞ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ማለትም ቤቱ ሰው በጣም በሚፈልግበት ቀን። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካው ሰውም አስቀድሞ መሰየም አለበት። ጠበቃ ማማከሩ ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን ያዋጣል። ዘመዱም በደሞዝና በውል ይቀጠር።

ሳይሞክሩ መሄድ። መጀመሪያ ለሁለት ቀን፣ ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ዞር ይበሉ። ሳምንቱ ወር መጨረሻ ላይ ቢውል ይሻላል። ደሞዝ፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ (ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ) እና ተጨማሪ እሴት ታክስ በዚያ ሰሞን ስለሚሰበሰቡ ክፍተቱ ቶሎ ይታያል። ሠራተኞቹ ሊጠይቁዎ ፈልገው የተውትን ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሲመለሱ ከሽያጩ በፊት ደብተሩን ያንብቡ፤ በቀጣዩ ወር የሚሠሩት ሥራ እዚያ አለ።