መጀመሪያ ቆሻሻውን እዩ፤ የበረሃ መንደር ሲቆፈር የሚሠሩ ስህተቶች

ሺቭታ በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ ከቤር ሸቫ ደቡብ ምዕራብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የባይዛንታይን ዘመን የገበሬዎች መንደር ናት። ሦስት አብያተ ክርስቲያናት፣ የወይን መጭመቂያዎችና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች አሏት። ቤር ሸቫ ካሉት ወገኖቻችን ለጉብኝት ወይም በበጎ ፈቃድ ለመቆፈር የሚሄድ ካለ፣ እነዚህን ስህተቶች አስቀድሞ ቢያውቅ አይከፋም።

ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ብቻ መረባረብ። የድሮ ቆፋሪዎች ዓይን የሚያርፈው ዓምድ፣ ሞዛይክና የግሪክ ጽሑፍ ላይ ነበር። ከመንደሩ ዳር የተከመረውን ጥራጊ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ግን ትልቁ ወሬ ያለው እዚያ ነው። የኔጌቭ ሰፈሮች የተዳከሙት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊሞች አገሩን ሲይዙ ነው እየተባለ ለረጅም ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ የአካባቢው ዋና ከተማ የነበረችው የኤሉሳ የቆሻሻ ክምር ተቆፈረ። እዚያ የተገኘው ከሰልና የከሰለ ዘር በራዲዮካርቦን (የጥንት ቅሪት ዕድሜ በሚታወቅበት ዘዴ) ሲለካ፣ ቆሻሻ ከከተማ አውጥቶ መድፋት በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ መቆሙ ታወቀ። ማለትም ከወረራው አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ! ውጤቱ የታተመው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማዘጋጃ ቤት ሲደክም መጀመሪያ የሚያስታውቀው በቆሻሻው ነው፤ ይሄን ለከተማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሺቭታም ብትሆን በጦርነት ወደመች የሚያሰኝ ነገር የላትም። መስጊዷ የተሠራው የደቡቡን ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ነው፤ ማጥመቂያውም አልፈረሰም።

አፈሩን ሳይነፉ መድፋት። አካፋ የሚያየው ትልቅ ገል ብቻ ነው። የወይን ፍሬ ዘር ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት፤ ከሰል ሆና ከአመድ ጋር ስትቀላቀል በዓይን አትለይም። ስለዚህ አፈሩ በጠባብ ወንፊት ይነፋል። ከፊሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይገባል። አፈሩ ሲዘቅጥ የከሰለው ዘር ይንሳፈፋል፤ ከላይ ተገፎ በጥላ ይደርቃል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ እጅም ያቆሽሻል። ነገር ግን ከሺቭታ፣ ከኤሉሳና ከሌላዋ የኔጌቭ ሰፈር ከኔሳና የቆሻሻ ክምሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ የወይን ዘሮች የተለቀሙት እንዲህ ነው። ከስንዴና ከገብስ ጋር ሲነጻጸሩ ወይኑ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየበዛ ሄዶ፣ ከ6ኛው አጋማሽ በኋላ ቁልቁል ወረደ። ወይን ጠጁ በባሕር የሚላክበት የጋዛ እንስራ ስባሪም አብሮ ቀነሰ። ምክንያቱ በ541 የጀመረው የንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ዘመን ወረርሽኝ ነው፣ የአየር ጠባይ ነው፣ ገበያው ነው እየተባለ እስካሁን ይከራከሩበታል። ዘሩ ባይለቀም ክርክሩም አይኖርም ነበር።

በአንድ ሳንቲም ዘመን መቁረጥ። ሳንቲም ከተመታ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከእጅ እጅ ይዞራል። ወለል ሥር ከተገኘ፣ ወለሉ ከሳንቲሙ በፊት እንዳልተነጠፈ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። በግብፅ ፋዩም ያለችውን ካራኒስን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1924 እስከ 1935 ቆፍሯት ነበር። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ ቀረች ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ገሎቹ እንደገና ሲታዩ ሰው ከዚያም ወዲህ እንደኖረባት ታወቀ።

ግድግዳን በቀትር ብርሃን አይቶ ማለፍ። የሺቭታ ሰሜናዊ ቤተ ክርስቲያን ማጥመቂያ ውስጥ የደበዘዘ ሥዕል እንዳለ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ልብ ብሎ ያየው ግን አልነበረም። አንዲት ተመራማሪ ብርሃኑ በትክክለኛው ማዕዘን ሲያርፍበት ቀና ብላ ስታይ፣ ሁለት ዓይን አፈጠጠባት። ጸጉረ አጭርና ጸጉረ ጥቅል፣ ፊተ ረጅም፣ ወጣት ክርስቶስ ነው። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ስለዚህ ልስን ያለበትን ግድግዳ ጠዋትም ማታም ተመለሱበት፤ ፎቶም አንሱ። አደራ፣ በብሩሽ እንዳትፈትጉት።

ቆፍሮ አለመጻፍ። ለእኔ ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው፤ አንዴ የተቆፈረ አፈር ተመልሶ አይቆፈርማ። ኮልት የተባለ አርኪዮሎጂስት የመራው ቡድን ሺቭታን በ1930ዎቹ ቆፈረ፤ ዘገባው ግን ሳይታተም ቀረ። ያው ቡድን ኔሳናን ከ1935 እስከ 1937 ሲቆፍር ፓፒሩሶች (በጥንት ወረቀት ላይ የተጻፉ ሰነዶች) አገኘና ውጤቱን በሦስት ቅጽ አሳተመ። የኔሳና ሰው ግብር ሲከፍል፣ ሲበደርና ሲካሰስ እናውቃለን። የሺቭታን ቤቶች ግን ከ2015 ጀምሮ የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከተረፈው አፈር እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው።