ሻማ ከመርዶ ሲቀድም፦ ፕሮፋይል ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰው ስም ከመነበቡ በፊት ፎቶው ይታያል። የእናት ሙት ዓመት፣ የምርቃት ጋዋን፣ የልጅ ክርስትና፣ በጥቁር መደብ ላይ የበራ ሻማ፤ ፕሮፋይል የተደረገ ሁሉ አንድ ወሬ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱ ግን ወሬው ማን ዘንድ ቀድሞ እንደሚደርስ ብዙም አያስብም።

መርዶ ሳይነገር ሻማ ማድረግ

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። መርዶ እኛ ዘንድ የሚነገረው ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው በሰው መሐል ሆኖ እንዲሰማው ተደርጎ ነው። አዲስ አበባ ያለች የልጅ ልጅ በድንጋጤ ፕሮፋይሏን ሻማ ስታደርግ ግን፣ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው አክስቷ ማታ ክፍሏ ገብታ ቴሌግራም ስትከፍት ብቻዋን ታየዋለች። ደግፎ የሚይዛት የለም። ዋሽንግተን ያለው አጎት ደግሞ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እዚህ ሲነጋ እሱ ሊተኛ ሲል ያየዋል። ቢደውልም እውነቱን ደፍሮ የሚነግረው አያገኝም።

ስለዚህ ውጭ ያሉ የቅርብ ዘመዶችን ስም ዝርዝር አንድ ሰው ይያዝ። ባሉበት ከተማ ጓደኛ ወይም የቤተ እምነታቸው ሰው ሄዶ እንዳረዳቸው ሲረጋገጥ ብቻ ፎቶው ይቀየር። ባዶ ጥቁር ምስል ከሻማም ይብሳል፤ ያየው ሁሉ የሚያስበው የራሱን ሰው ነውና። የሟቹን ፎቶና ስም አብረው ያድርጉ።

የድሮ ፎቶን በፍላሽ ማንሳት

ፍላሹ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ነጭ ክብ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥተው አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን አያላቅቁት፤ ቀለሙ ተልጦ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፤ ስልኩን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይዘው፣ በ2 እጥፍ ዙም ያንሱ። በጣም ተጠግቶ ማንሳት ምስሉን ያጎብጠዋል፤ የስልኩ ጥላም ያርፍበታል። ስልኩ ካዘመመ ደግሞ ፊት ይጠብባል።

ፊቱን በአፕ «ማጥራት»

የደበዘዘ ፊት የሚያጠሩ አፖች የጠፋውን አያገኙትም፤ የሚመስለውን ፈጥረው ይሞሉታል። የእናት አንገት ላይ ያለውን ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ሊያጠፉት፣ ያልነበረ ጥርስ ሊጨምሩ ይችላሉ። ልጆቿ የሚያውቋት በዚያ ንቅሳት ነው። ብርሃኑንና የቀላውን ቀለም ብቻ ያስተካክሉ፤ ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ያስቀምጡ።

ክቡን መርሳት

ፕሮፋይል በካሬ ተጭኖ በክብ ይታያል፤ ከካሬው 21 በመቶ ያህሉ በማዕዘኖቹ ይቆረጣል። ይህ በተለይ በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ያሳዝናል። ምስለ ፍቁር ወልዳ እመቤታችን ከተወደደ ልጇ ጋር የምትታይበት ሥዕል ነው፤ ፊቷ እንዲጎላ ተብሎ ሲጠጋ ልጇ ከክቡ ውጭ ይቀራል፤ ሥዕሉም ትርጉሙን ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉውን ሥዕል አሳንሰው አንድ ቀለም ባለው ሰፊ ካሬ መሐል ያስቀምጡት።

የቀድሞው ጠፍቷል ብሎ ማመን

ዋትስአፕ የሚያሳየው የአሁኑን ፎቶ ብቻ ነው። ቴሌግራም ግን የቀድሞዎቹን ከሥር ያከማቻል፤ ፕሮፋይልዎን የከፈተ ሰው ወደ ጎን እያንሸራተተ የፈረሰውን ቀለበትም፣ ቸኩለው ያደረጉትን ሻማም ያያል። ፎቶውን ከፍተው ወደሚፈልጉት ያንሸራትቱ፤ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው አንድ በአንድ ያጥፉ። ማን እንደሚያይ ለመወሰን በሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብተው የፕሮፋይል ፎቶን ለስልክ ማውጫዎ ሰዎች ብቻ ያድርጉ። ፌስቡክ ላይ የአሁኑ ፕሮፋይል ለሁሉም ክፍት ነው፤ የድሮዎቹም በአልበሙ ውስጥ ይቆያሉ።

ከጀርባ ያለውን አለማየት

የትምህርት ቤት ዓርማ ያለበት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፎቶ ልጁ የት እንደሚውል ለማያውቁት ሰው ይናገራል፤ ዓርማው ከክቡ ውጭ እንዲሆን ይቁረጡት። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርትና ቦርዲንግ ፓስ ዘርግቶ ፎቶ መነሳትም የተለመደ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ባለ 6 ፊደልና ቁጥር ኮድ ከስምዎ ጋር ሲሆን ጉዞዎን በኢንተርኔት ለመክፈት ሊበቃ ይችላል፤ ባርኮዱም ያንኑ ይዟል። ሲነሱ ወረቀቱን ገልብጠው፣ የፓስፖርቱን ሽፋን ብቻ አሳይተው ይያዙ።