የወደቀው የመሣሪያ መስቀያዬ

የመጀመሪያው መስቀያ ሦስት ቀን አልቆየም። ሌሊት ዱብ አለ፤ መዶሻው፣ መሮው፣ ፒንሳው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ፣ የያዘው ስስ የሆነውን የፊቱን ክፍል ብቻ ነበር።

አሁን ክብደቱን ወለሉ እንዲሸከመው አደረግኩ። ሁለት 5 በ 7 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ሞራሌ አቆምኩና ሦስት ጣውላ አግድም በብሎን አሰርኩባቸው። ግድግዳው፣ መስቀያው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይይዘዋል። ለካቻቪቴዎቹ የታችኛው ጣውላ ላይ ትንሽ መደርደሪያ ገጥሜ በሳሁት። ቀዳዳው ዘንጉን ያሳልፍ፣ እጀታውን ያስቀር፤ በቃ። መዶሻው በሁለት ምስማር መሃል ይንጠለጠላል። ምስማሩን ራሱ ወደ ላይ ቀና እንዲል አድርጋችሁ ምቱት፤ አለዚያ ይንሸራተታል። መጋዙ ግን አሁንም ቦታ አላገኘም፣ በር ጀርባ ነው።