ሕፃናት ክፍል ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን መደበኛ ትምህርት ቤት ሃይማኖት አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ብዙ የኦርቶዶክስ ልጆች ስለ እምነታቸው የሚማሩት ከቤት ቀጥሎ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እሱም በሳምንት አንዴ፣ ለአጭር ሰዓት። በዚያች ሰዓት ልጆቹ ከጥቅሱ ይልቅ እኛን ነው የሚያጠኑት።

ስግደትን ቅጣት ማድረግ። ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ልጅ ሲረብሽ “ተነስ፣ ሃያ ስገድ!” የሚል አስተማሪ አለ። ዱላ ስላላነሳ የራራ ይመስለዋል። ልጁ ግን ስግደት ማለት ጓደኞቹ እያዩት የሚያፍርበት ነገር እንደሆነ ተማረ። ሰሙነ ሕማማት ደርሶ ከእናቱ ጎን ሲሰግድም ያው ኀፍረት ይመጣበታል። “ቀኖናስ ስግደት የለበትም ወይ?” የሚል አይጠፋም። አለበት። ቀኖና ግን ንስሐ የገባ ሰው ከንስሐ አባቱ ወዶ የሚቀበለው መድኃኒት ነው። በንዴት አይታዘዝም። “እግዚአብሔር ይቀስፍሃል” ማለትም ያው ነው፤ የራሳችንን ቁጣ በእግዚአብሔር ስም መናገር ነው። የሚረብሸውን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡት። መጽሐፍ እንዲያድል አድርጉት። ካልሆነ ወላጁን አነጋግሩ።

ጥያቄን ማፈን። “ይሄ አይጠየቅም” ቀላል መልስ ነው። ጌታችን ግን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘው መምህራኑን ሲሰማና ሲጠይቅ ነው (ሉቃ. 2፥46)። ካላወቃችሁ “ጠይቄ እነግራችኋለሁ” በሉ። ከዚያ የምር ጠይቃችሁ እሑድ መልሱን ይዛችሁ ኑ። ልጆቹ መልሱን ቢረሱት እንኳ መምህራቸው እንዳልዋሻቸው አይረሱም።

ድምፀ መልካሞቹን ብቻ ማቅረብ። በየበዓሉ ከበሮውም የፊት መስመሩም ለእነዚያው ልጆች ይሰጣል። ዝምተኛውና ልብሱ ያረጀበት ከኋላ ይቀራል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ሰው በልብሱ እንዳይለይ አጥብቆ ይጽፋል። ያንን አስተምረን በተግባር ከለየን ልጆቹ ወዲያው ያዩታል።

ቃል ማጠፍ። ሽልማት ብላችሁ ከሆነ ስጡ። በሰዓቱ ኑ ካላችሁ ቀድማችሁ ተገኙ።

የሌላውን እምነት ማንጓጠጥ። ሰኞ ልጁ ከሙስሊሙም ከፕሮቴስታንቱም ጓደኛው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። እሑድ የሰማውን ስድብ እዚያ ይደግመዋል። ዶግማችንን ሳትሸፋፍኑ አስተምሩ፤ ስለ ሰዎቹ ግን በክብር ተናገሩ።

“ሰው ጠፋ” ብሎ ያገኙትን መመደብ። ይህ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራር ስህተት ነው። ሕፃናት ክፍል የጀማሪ መለማመጃ መሆን የለበትም። አዲስ መምህር መጀመሪያ ከነባሩ ጎን ይቀመጥ። ልጅ ሲያለቅስና ሲያስቸግረው ምን እንደሚያደርግ ይታይ። ክፍሉን ብቻውን የሚረከበው ከዚያ በኋላ ይሁን።