የወረዳ ትምህርት ዕቅድ ከስም መጥሪያ መዝገብ ይጀመር

ሰኔ ሲገባ ከዞን ቅጽ ይመጣል። ኤክሴሉ በቴሌግራም ይላካል፤ «እስከ ዓርብ ተሞልቶ ይላክ» የሚል መልእክትም ይከተለዋል። የዕቅድ ባለሙያው ያለፈውን ፋይል ይከፍታል፣ ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራል፣ ዒላማዎቹ ላይ ሁለት ሁለት በመቶ ይጨምራል። አለቀ። ስልታዊ ዕቅድ የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እኔ በፎገራ በኩል በጉድኝት (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርነት፣ ኋላም በባሕር ዳር ዙሪያ በዕቅድ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። አዲስ የተሾሙ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሲደውሉልኝ የምነግራቸውን እዚህ ላስቀምጠው። ቅጹን አትሙሉ አልልም። ግዴታ ነው፣ ይሞላል። የሚሞላው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ የስም መጥሪያ መዝገብ ሰብስቡ። የሁሉንም ትምህርት ቤት አይደለም። ከየጉድኝቱ ሁለት ሁለት ይበቃል፤ አንዱ አስፓልት ዳር ያለ፣ አንዱ መኪና የማይገባበት። የ2ኛ፣ የ5ኛና የ8ኛ ክፍልን ያለፈ ዓመት መዝገብ አስመጡ። ሪፖርቱን ሳይሆን መምህሩ በእስክሪብቶ የሞላውን ራሱን መዝገቡን። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ወር በወር ግለጡት።

ፎገራ ሜዳ ላይ መስከረም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው መንገዱ ተቆርጧል፤ አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከጎርፍ የሸሹ ሰዎች መጠለያ ይሆናል። ጥቅምት ይሻላል። ወሩ ሊያልቅ ሲል የቀሪ ምልክቱ መብዛት ይጀምራል፣ ኅዳር ላይ ገጹ ይጠቁራል። ሩዙ ደርሷል፣ ወፍ ጠባቂ ያስፈልጋል፣ ቀጥሎ አጨዳ ነው። ረጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ከሚቀሩት ልጆች ብዙዎቹ በአባት ስም አንድ ናቸው። እህትና ወንድም ናቸው። ይህ ሁሉ ሪፖርት ላይ ሲደርስ «መጠነ ማቋረጥ» ተብሎ አንድ ቁጥር ይሆናል። ከቁጥሩ ወሩም፣ ሩዙም፣ ቤተሰቡም አይታይም።

ወሩን ካወቃችሁ መፍትሔው ርካሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስበን «ለምን ታስቀራላችሁ?» ስንል ሁሉም አንገቱን ደፋ። መቼም እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ የሚመልስ የለም። አንዲት እናት ግን፣ «መምህር፣ ሁለቱንም ጠዋት ወስዳችሁብኝ እኔ ማንን ልላክ? አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት አድርጉልኝና ሁለቱም ይማሩ» አሉን። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። ድልድል ሲሠራ እህትና ወንድምን በተለያየ ፈረቃ መመደብ ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም። ኅዳር ሙሉ በሙሉ አልጸዳም፤ አጨዳ አጨዳ ነው። ወፍ ጥበቃው ግን ልጆቹን ከክፍል ማስቀረቱን አቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ከዞን በሚመጣ ቅጽ ውስጥ ቦታ የለውም። እናንተ ዕቅድ ውስጥ ስፍራ ስጡት፣ በራሱ መስመር፣ ከነፈጻሚው ስም።

የወላጆች ስብሰባን ካነሳን አይቀር፣ ሰው ወዳለበት ሂዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጅ። በሥራ ቀን በደብዳቤ ጠርታችሁ የሚመጣላችሁ ያው የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ሰብሳቢና የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ንባብ። ከ2ኛ ክፍል የተወሰኑ ልጆችን አንድ በአንድ አስነብቡ። መጽሐፉ ውስጥ ገና ያልደረሱበትን ገጽ ክፈቱ፤ የተማሩትንማ በቃላቸው ይወርዱታል። ስንቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አነበበ፣ ስንቱ ፊደል ብቻ ቆጠረ፣ ጻፉት። መነሻችሁ ይህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔ ብዙ ወረዳ ለ12ኛ ክፍል የማጠናከሪያ ትምህርት አቀደ። ክፉ አይደለም። ግን 2ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያቃተውን ልጅ 12ኛ ላይ ቅዳሜና እሑድ እያስጠኑ ማዳን ከባድ ነው።

ከዚያ የኢንስፔክሽን፣ ማለትም የትምህርት ቤቶች ደረጃ ምዘና፣ ውጤቱን አውጡ። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1 ነው፤ ደረጃ 3 ለመግባት 70 መድረስ አለበት። የወረዳ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ግብዓት ላይ ነው፤ ክፍል፣ ወንበር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አጥር። አይፈረድበትም፣ ዳስ ውስጥ የሚማር ልጅ አለ። ነገር ግን የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። በሌለ ገንዘብ ሰባት ብሎክ ማቀድ ራስን መሸወድ ነው። ሂደት ግን ሌላ ነው። መምህሩ ተዘጋጅቶ መግባቱ፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ማየቱ፣ ግብረ መልስ መስጠቱ ብዙ ብር አይፈጅም። ቶሎ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው።

አሁን ግብ አውጡ፤ ጥቂት ብቻ። የትምህርት ቤቶቹ የማሻሻያ ዕቅድ የሦስት ዓመት ነው፣ አርእስቱም አራት ነው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የወረዳው ዕቅድ ከዚህ ጋር ካልገጠመ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ዕቅድ ይዞ ይቀመጣል፣ አንዱንም አይሠራበትም። ግቦቹ በዝተው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። አንድ ርዕሰ መምህር መንገድ ላይ ስታገኙ የወረዳውን ግቦች ጠይቁት። ወረቀት ሳያወጣ ካልነገራችሁ ቀንሱ። ቅጹ 40 ረድፍ አለው? ይኑረው፤ ሙሉትና ላኩት።

ሱፐርቪዥንን ስታቅዱ ጣና ሐይቅን አስቡ። ደቅ ደሴት ወይም ሌላ በጀልባ የሚደረስ ትምህርት ቤት ካላችሁ ጉዞው ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ያነሳል፣ ባለጀልባው እንቢ ይላል፣ ባለሙያው አበል ይዞ ወደብ ላይ ቆሞ ይውላል። መጽሐፍ ማሰራጨቱም እንዲሁ ነው፤ ውኃ የሚተኛበት አካባቢ ክረምቱ ሳይጠና መድረስ አለበት። ሲደርስም ካርቶኑ መሬት ላይ አይቀመጥ። እሱንም ዕቅድ ውስጥ ጻፉት፤ አትሳቁ፣ በርጥበት የሻገተ መጽሐፍ አይቻለሁ።

ደግሞ ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙ ልጅ ከክፍል ወጥቷል። ዓመቱ ሙሉ እንደሚሆን አድርጎ ማቀድ አያዋጣም። ለየትምህርቱ የግድ መሰጠት ያለበትን ምዕራፍ ከመምህራን ጋር ለዩ፣ ዓመቱ ቢያጥር የቱ እንደሚቀድም ቀድሞ ይታወቅ። ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት ልጆቹ የት ላይ እንደቆሙ ሳይመዘኑ ከምዕራፍ አንድ መጀመር የለም። የተማሪ ውጤት መዝገብ ፎቶ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ «አፈጻጸም 98 በመቶ» የሚል ሪፖርት ሲነበብ አታጨብጭቡ። ርዕሰ መምህራኑ መዝገባቸውን ይዘው ይምጡ፣ ኅዳርን ይግለጡ፣ ወሬው ከዚያ ይነሣ። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋቸዋል። ኋላ ራሳቸው ናቸው ገጹን አውጥተው «ይኸው እዩት» የሚሉት።

የመጨረሻው ነገር ፍላሽ ነው። አንድ ወረዳ ኃላፊውም ባለሙያውም በአንድ ክረምት ተዛውረው ዕቅዱ በፍላሻቸው አብሮ ሄዷል፤ አዲሱ ሰው ያገኘው ባዶ ኮምፒውተርና የማኅተም ቁልፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ አትማችሁ አንዱን መዝገብ ቤት በፋይል ቁጥር አስቀምጡ፣ አንዱን ለየጉድኝት ማዕከሉ፣ ግቦቹን የያዘችውን አንዷን ገጽ ደግሞ ለየትምህርት ቤቱ ወላጅ ኅብረት ሰብሳቢ ስጡ። ሲቀበሉም ይፈርሙ።